ልዩ ድጋፍ ለሚያሻቸው ወጣቶች ቤተሰቦች የሚሰጥ የእፎይታ አገልግሎት፤ ታሪካዊ አመጣጡና ለደብረ ማርቆስ አካባቢ ያለው ትርጉም

መግቢያ

ልጅን ማሳደግ በማናቸውም ኅብረተሰብ ዘንድ የጊዜ ገደብ ያለው ተግባር ነው። ሕፃኑ ጡት ይጥላል፤ ድክ ድክ ይላል፤ ጥጃ ይጠብቃል ወይም ትምህርት ቤት ይገባል፤ ኋላም ጎጆ ይወጣል። የወላጅም ድካም በዚያው መጠን እየቀለለ ይሄዳል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም ወይም ተደራራቢ ጉዳት ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ግን በዚህ ሥርዓት አያልፍም። ዓመት በተጨመረ ቁጥር የልጁ አካል ይጠነክራል፤ የእናቲቱ ጉልበት ይደክማል። በ5 ዓመቱ በጀርባዋ ያዘለችውን ልጅ በ20 ዓመቱ ብቻዋን ልታጥበውና ልትጠብቀው ይከብዳታል።

የእፎይታ አገልግሎት የሚባለው ይህን ችግር ለማቃለል የታሰበ የማኅበራዊ አገልግሎት ዘርፍ ነው። ለጥቂት ሰዓታት፣ ለአንድ ቀን ወይም ለተወሰኑ ሳምንታት ሌላ የታመነና የሠለጠነ ሰው ተተክቶ ወጣቱን ሲንከባከብ፣ ዘወትር የሚንከባከበው የቤተሰብ አባል ያርፋል፣ ይታከማል፣ ሥራውን ይሠራል ወይም ለቀሩት ልጆቹ ጊዜ ያገኛል። አገልግሎቱ ወጣቱን ከቤቱ ለዘለቄታው ለማውጣት የታቀደ ሳይሆን በቤቱ እንዲኖር የሚያስችል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የአገልግሎቱ ታሪክ በአገራችን፣ በተለይም ከጎጃም አንጻር በአጭሩ ይቃኛል። ከታሪኩም አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይወጣል። ይኸውም ለአስታማሚው ዕረፍት ሲገኝ የኖረው ለሌላ ዓላማ ከተቋቋመ ነገር ጋር ተያይዞ እንጂ ለራሱ ታስቦበት አለመሆኑ ነው።

በነባሩ ሥርዓት

እንደሚታወቀው የጎጃም ገበሬ ሥራ ሲበዛበት ለብቻው አይተውም። ወንፈልና ደቦ ለአጨዳና ለአረም ይጠራሉ። ሴት ስትወልድ ዘመድና ጎረቤት ገብቶ ገንፎ ያገነፋል፤ አራሷ ከሥራ ታርፋለች። ሰው ሲሞት ኀዘንተኛው እሳት አያነድም፤ እድርተኛው እህል ውኃውን ያቀርባል፤ እንግዳውን ያስተናግዳል። በዚህ ሁሉ ሰውን ከሥራው ተክቶ ማሳረፍ የታወቀና የተከበረ ልማድ መሆኑ ይታያል።

ሆኖም እነዚህ ልማዶች የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ፤ ሁሉም መጨረሻቸው የታወቀ ነው። አራሷ ከአራስ ቤት ትወጣለች፤ ኀዘኑ ይበርዳል፤ አዝመራው ጎተራ ይገባል። ብድሩም ተራ በተራ ይመላለሳል። 20 እና 30 ዓመት የሚዘልቅ እንክብካቤ ግን በዚህ የብድር ሥርዓት ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ ማብቂያ የለውምና ማን መቼ እንደሚመልሰው አይታወቅም። ስለዚህም ሸክሙ በአብዛኛው በእናት፣ በአያት ወይም በታላቅ እኅት ላይ ወድቆ ቀርቷል።

ከቤተሰብ ውጭ በር ከፍቶ የቆየው ዋነኛው ተቋም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ፣ ዲማ ጊዮርጊስም በሊቃውንቱ የታወቁባት ጎጃም ዐይነ ስውራን ተማሪዎችን ከዐይናሞቹ ጋር ስታስተምር ኖራለች። ትምህርቱ በቃል የሚጠና፣ በጆሮ የሚሰማ በመሆኑ የዐይን ማጣት ከመምህርነት ማዕርግ አላገደም። ተማሪው ከቤቱ ወጥቶ በጓደኞቹ እየተመራ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከጎጆው እያደረ ይማራል። ቤተሰቡም በዚህ ምክንያት ያርፋል። ነገር ግን በሩ የተከፈተው ማጥናትና ማስታወስ ለሚችል ብቻ ነበር። የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ወጣት በዚያ በር ሊገባ አልቻለም።

ለእርሱ የቀረው መንገድ ጠበል ነበር። ወደ ግሽ ዓባይና ወደ ሌሎች የጠበል ቦታዎች ልጃቸውን ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦች ለሳምንታት ይሰነብታሉ። በዚያ የብጤአቸውን ችግር አይተው መጽናናታቸው አይካድም። ይሁን እንጂ አስታማሚው አብሮ የሚሄድ በመሆኑ የሚለወጠው ቦታው እንጂ ሥራው አይደለም።

የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ዘመን

ዘመናዊው የልዩ ትምህርት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ሚሲዮናውያን በደምቢ ዶሎ ለዐይነ ስውራን ከከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የሰበታው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤትና መስማት ለተሳናቸው የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ በመናገሻ የቼሻየር ተቋም ተመሥርቶ በተለይ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን መርዳት ጀመረ። በ1963 ዓ.ም በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት ሲመሠረት፣ መንግሥት ጉዳዩን ከምጽዋት አውጥቶ በአስተዳደር ሥራ ውስጥ ማስገባቱ ታየ።

የእነዚህ ተቋማት ውለታ ከፍተኛ ነው። ዕውቀትና ሙያ ያላቸው በርካታ ዜጎችን አፍርተዋል። ከቤተሰብ እፎይታ አንጻር ሲመዘኑ ግን ሁለት ጠባያቸው ይስተዋላል። አንደኛ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ልጁን ለወራት ከቤቱ ስለሚያርቅ ዕረፍቱ የሚገኘው በመለያየት ዋጋ ነበር። ሁለተኛ፣ የተቀበሏቸው በአብዛኛው የማየት፣ የመስማትና የአካል እንቅስቃሴ ጉዳት ያለባቸውን ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሚከፈቱ ልዩ ክፍሎች መታየት የጀመሩት በጣም ዘግይቶ ነው።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ በ1998 ዓ.ም የታተመው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂና በ2004 ዓ.ም የተደረገው ማሻሻያ ልጆቹን ወደ አካባቢያቸው ትምህርት ቤት የመመለስን አቅጣጫ ያዙ። በዚህም ልጁ ማታ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ቀን የሚማርበት ሥርዓት ተስፋፋ። የልዩ ክፍሉ ዓላማ ትምህርት ቢሆንም፣ ለእናቲቱ ግን በሳምንት 5 ቀን ለጥቂት ሰዓታት እጇን ነፃ የሚያደርግላት ብቸኛው ተቋም ሆነ።

በሌላው ዓለም

በቤልጅግ አገር የጌል ከተማ ታሪክ ለጠበል አገር ሰው እንግዳ አይመስልም። በመካከለኛው ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ወደ ቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን ለመፈወስ ሲጎርፉ ማደሪያው ስለሞላ የከተማው ሰዎች በየቤታቸው አሳደሯቸው። ይህ የእንግድነት ልማድ ውሎ አድሮ በሕክምና ባለሙያ የሚደገፍ የቤተሰብ እንክብካቤ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከ3,500 በላይ ሕሙማን በከተማው ቤተሰቦች ዘንድ ይኖሩ ነበር።

የእፎይታ አገልግሎት በስሙ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። በምዕራቡ ዓለም ትልልቅ የመጠለያ ተቋማት እየተዘጉ ሰዎቹ ወደ ቤተሰባቸው ሲመለሱ፣ ቤተሰቡ ያለ ደጋፊ እንደማይዘልቅ ታወቀ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችውና በ1994 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከዘረዘረቻቸው 10 የድጋፍ ዐይነቶች መካከል በቤት የሚሰጥ የማሳረፍ አገልግሎት፣ ከቤት ውጭ የሚደረግ የአጭር ጊዜ ቆይታና ከ12 ዓመት በላይ ለሆኑ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ ጥበቃ ይገኙበታል። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የእፎይታ ሕግ ዕድሜን ሳይለይ በሕይወት ዘመን ሁሉ የሚለውን መርሕ ይዟል። ይህም አገልግሎቱ በሕፃንነት ተጀምሮ በጉርምስና እንዳይቋረጥ ታስቦ ነው።

የወላጆች ጥረትና የሕጉ ቃል

በአገራችን ክፍተቱን በግላቸው ለመድፈን የተነሡት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ በ1994 ዓ.ም በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2013 ዓ.ም ድረስም ስለ ኦቲዝም ኅብረተሰቡን ሲያስተምሩ ኖሩ። ሌሎች ወላጆችም ነህምያን የመሰሉ ማዕከላትን አቋቁመዋል። በአዲስ አበባ ሁለት የሕክምና ተቋማት 102 አሳዳጊዎችን ያነጋገረና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከአራት አሳዳጊዎች ሦስት ያህሉ ያልተሟላ ፍላጎታቸው የልጃቸው ትምህርት መሆኑን እንደ ገለጹ፣ ብዙዎቹም በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው አመልክቷል። ማዕከላቱ የሚገኙት በመዲናዋ በመሆኑ ግን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዓባይ በረሃ ማዶ ለምትገኘው ደብረ ማርቆስ የዕለት አገልግሎት ሊሆኑ አይችሉም።

ሕጉ ግን ወደ ሁሉም አካባቢ ደርሷል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀውና ሰኔ 30 ቀን 2002 ዓ.ም የማጽደቂያ ሰነዱ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የቀረበው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በአንቀጽ 28 ችግረኛ ለሆኑ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከሚገቡት የመንግሥት ድጋፎች መካከል ሥልጠናን፣ ምክርን፣ የገንዘብ እርዳታንና የእፎይታ እንክብካቤን ለይቶ ይጠቅሳል። ስለዚህ እፎይታ ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ የኢትዮጵያ ሕግ አካል ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች አስቸጋሪ የሆነው ቁጥሩ ነው። በ1987 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ የጉዳተኞች ድርሻ ከመቶ 2 ያህል ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ከመቶ 1 ጥቂት ከፍ ያለ ሆኖ ተመዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ዘገባ የዓለሙን ድርሻ ከመቶ 15 ያህል ያደርሰዋል። ይህን የሚያህል ልዩነት በአንድ ምክንያት ብቻ የሚገለጽ ባይሆንም፣ የአጠያየቁ ጠባብነትና በየጓዳው ተሸሽገው የቀሩ ልጆች መኖር በውስጡ ድርሻ እንዳላቸው ይታመናል። ያልተቆጠረ ወጣት በጀት አያገኝም፤ አገልግሎት በሌለበትም ቤተሰብ ልጁን ለቆጣሪ ለማሳየት የሚያነሣሣው ነገር የለም።

ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ያለው ትርጉም

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሲጠቃለል፣ ዕረፍት ከትምህርት ሰዓት ጋር ብቻ የተያያዘ መሆኑ ሁለት አደጋዎች አሉት። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ዕረፍቱም አብሮ መዘጋቱ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታወጅ ይህ ታይቷል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ተደግሟል። ሌሎች ተማሪዎች ያጡት ትምህርት ነው፤ የእነዚህ ልጆች እናቶች ግን ከልጃቸው ትምህርት በተጨማሪ የቀኑን ትንፋሽም አጥተዋል።

ሁለተኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ልዩ ክፍል የተደራጀው ለሕፃናት ነው። ልጁ 17 ወይም 18 ዓመት ሲሞላው ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ጋር አይመጣጠንም፤ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያሸጋግረውም ፈተና አላለፈም። ስለዚህ ጉልበቱ በበረታበትና ወላጆቹ በደከሙበት ጊዜ ወደ ጓዳ ይመለሳል። ለዓመታት የተማረው ራስን መንከባከብ፣ ሰላምታ መስጠትና ቀላል ሥራ በጥቂት ወራት ሊጠፋ ይችላል። መምህሩ የደከመበትም ከንቱ ይቀራል።

ለዚህ መፍትሔ መነሻ የሚሆን ነገር በአካባቢው የለም ማለት አይቻልም። ቅዳሜና በክረምት ወራት ባዶ የሚሆኑ የመማሪያ ክፍሎች አሉ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲም በከተማዋ ይገኛሉ። የኮሌጁ ዕጩ መምህራን በተግባር ልምምዳቸው ከፊሉን ሰዓት በመምህር እየተመሩ ከወጣቶቹ ጋር እንዲያሳልፉ ቢደረግ፣ ወጣቶቹ በአትክልት ሥራ፣ በሽመና ወይም በምግብ ዝግጅት የሚውሉበት ቅዳሜ ለቤተሰቡ የዕረፍት ቀን ሊሆን ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ የሚያውቋቸውን ወጣቶች በፈቃድ እንዲመዘግቡ ማድረግም የቆጠራውን ጉድለት በአካባቢ ደረጃ ያቃልላል። እድሮችም ለኀዘን የሚያውቁትን የተራ ሥርዓት ለረጅም እንክብካቤ እንዲያውሉት ሊመከርባቸው ይገባል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወጣቶቹ የደረሰባቸውን በቃል ለመግለጽ የሚቸገሩ በመሆናቸው ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው። አንድ ተንከባካቢ ብቻውን እንዳይመደብ፣ የእያንዳንዱ ወጣት የሕክምናና የባሕርይ ማስታወሻ እንዲያዝ፣ ቤተሰብም በማናቸውም ሰዓት ገብቶ የማየት መብት እንዲኖረው በቅድሚያ መወሰን አለበት። ከዚህም ጋር ወጣቱ ራሱ የሚወደውንና የሚጠላውን እንዲያሳይ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ለእናቲቱ ዕረፍት የሆነው ቀን ለእርሱ እስራት ከሆነ አገልግሎቱ ዓላማውን ስቷል።

የወረዳና የዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ልዩ ክፍል የገቡትን ልጆች ቁጥር ብቻ እንዲያሰፍሩ የሚያደርገው ልማድ መስተካከል ይኖርበታል። በዕድሜ ምክንያት ክፍሉን ለቀው የሄዱት ስንት እንደ ሆኑ፣ አሁን የት እንደሚውሉና ማን እንደሚንከባከባቸው የሚያሳይ አንድ ዓምድ በቅጹ ላይ ቢጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የእፎይታ አገልግሎት በስሙ ታውቆ በዕቅድ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ከዚህ ዓምድ በመነሣት ነው።