ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው መስመር ያነበበ ልጅ መነጽር ያስፈልገዋል? የተደበቀ ሃይፐሮፒያ ታሪክ

ዛሬ ትንሽ ወደ ኋላ ሄጄ ታሪክ ላጫውታችሁ። እዚህ ሀዋሳ ወላጆች መጥተው የሚነግሩኝ ነገር ከ160 ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ሐኪሞችን ግራ ያጋባው ነገር ራሱ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ግንባሩን ያመዋል። ጠዋት ደህና ነው። ማታ መጽሐፍ ይዞ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ፊደሉ ይደበዝዝበታል፣ ዓይኑን ያቃጥለዋል፣ መጽሐፉን ይዘጋል። ቅዳሜ ኳስ ሲጫወት ሲውል ግን ምንም የለበትም። እናት «ጥናት ሲባል ነው የሚያመው» ትላለች። አባት ስልኩን ይቀማዋል። አንዳንድ ቤት ዓይነ ጥላ ነው ይባላል፣ ሌላው ቤት ሳይነስ ነው ተብሎ መድኃኒት ይገዛለታል። በመጨረሻ ዓይኑን ሊያስመረምሩት ሲወስዱት 6 ሜትር ላይ ያለውን ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ያነበንበዋል። «ዓይኑ ጤነኛ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስም አንድ ነው፦ ሰነፍ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽም እንዲሁ ነበር። ልብስ የሚሰፉ፣ የሚጽፉ፣ የሚማሩ ወጣቶች «ሥራ ስንይዝ ዓይናችን ይደክማል» እያሉ ይመጡ ነበር። ሐኪሞቹ «አስቴኖፒያ» አሉት፤ የዓይን ድካም ማለት ነው። ስም ሰጡት እንጂ ምክንያቱን አላወቁትም። ዓይኑ ውስጥ ያለው የማየት አቅም እየከዳ ነው፣ መጨረሻው መታወር ነው ብለው የሚሰጉ ነበሩ። ስለዚህ ምክራቸው ዕረፍት ነበር፤ ካልሆነም ሙያ ቀይሩ፣ ሜዳ ላይ የሚሠራ ሥራ ፈልጉ። በእርግጥ እንግሊዛዊው ጄምስ ዌር እ.ኤ.አ. በ1813 ባሳተመው ጽሑፍ ለቅርብም ለሩቅም ፕላስ መነጽር የሚያስፈልጋቸው ወጣቶች እንዳሉ ጠቅሶ ነበር። ግን ፕላስ መነጽር የሽማግሌ ነው፣ ለወጣት ቢሰጥ ዓይን ያበላሻል የሚለው ፍርሃት በረታ። (ይህ ፍርሃት ዛሬም እኛ ጋ አለ።)

እንቆቅልሹን የፈታው ፍራንሲስከስ ዶንደርስ የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በዩትሬክት ከተማ የዓይን ሆስፒታል አቋቋመ፤ በ1864 ደግሞ ለንደን ላይ የታተመው ትልቁ መጽሐፉ ወጣ። ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ተደባልቀው የነበሩ ሁለት ነገሮችን ለያየ። አንደኛው ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣው፣ የዓይን ሌንስ በዕድሜ የሚደርቅበት ችግር ነው። ሁለተኛው በዕድሜ የማይወሰን፣ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ኳስ አጭር በመሆኑ የሚመጣ ነው። ይህን ሁለተኛውን ዛሬ ሃይፐሮፒያ እንለዋለን።

የዓይን ኳስ አጭር ሲሆን ብርሃኑ ሬቲና ላይ ሳይሆን ከሬቲና ኋላ ነው የሚያርፈው። የልጅ ዓይን ግን ጉልበት አለው። ውስጡ ያለች ጡንቻ ሌንሱን አስወፍራ ምስሉን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ስለዚህ ልጁ ሩቅ አጥርቶ ያያል፤ ግን በነጻ አይደለም። ዳገት ላይ ፍሬን ረግጦ የቆመ ባጃጅ ነጂ አስቡ። ባጃጇ ቆማለች፣ እግሩ ግን እየሠራ ነው።

ሂሳቡን እንየው። ዶንደርስ ይህ ጉልበት በዕድሜ እንዴት እንደሚቀንስ ለክቷል። ዛሬ በምንጠቀምበት ዳይኦፕተር ሲሰላ በ10 ዓመት ወደ 14፣ በ20 ዓመት ወደ 10፣ በ40 ዓመት 4.5 ገደማ ነው። መጽሐፍ በ33 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለማንበብ ጤናማ ዓይን 3 ዳይኦፕተር ያወጣል። ፕላስ 3 ሃይፐሮፒያ ያለበት ልጅ ግን 6 ያወጣል። ሰው ሳይደክም ለረጅም ሰዓት ሊጠቀም የሚችለው ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ነው ብለን እንማራለን። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ግማሹ ከ6 ብዙ አይርቅም፤ የሚያነበው ደግሞ በእጥፍ ጨምሯል። 3ኛ ክፍል ሳለ ያልታየው ችግር 10ኛ ክፍል ላይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

«የተደበቀ» የምንለው፣ ጡንቻዋ መጨበጥ ስለለመደች ትክክለኛው መነጽር ፊቷ ቢቀመጥ እንኳ ስለማትለቅ ነው። ዶንደርስ ጡንቻዋን ለማስለቀቅ የአትሮፒን ጠብታ ተጠቀመ። አትሮፒን እኛም አገር መንገድ ዳር በሚበቅለው አስተናግር ውስጥ አለ። የበላውን ሰው የሚያስቀባዥረው እሱ ነው፤ ስለዚህ አደራ፣ ቅጠሉ ዓይንም አፍም አጠገብ እንዳይደርስ! ዛሬ ለወጣቶች በብዛት የምንጠቀመው ሳይክሎፔንቶሌት የሚባል ጠብታ ነው። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጠበቅና መርማሪው በብርሃን መሣሪያ ይለካል፤ ልጁን «ይህ ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያለ መጠየቅ ሳያስፈልገው።

የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። እነዚህን ልጆች «ጤነኛ» ብሎ የሚያሳልፈው የስኔለን ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1862 የተሠራው እዚያው ዩትሬክት፣ የዶንደርስ ባልደረባ በነበረው በኸርማን ስኔለን ነው። ሰሌዳው የሚለካው ልጁ ማየቱን እንጂ ለማየት ምን ያህል እንደከፈለ አይደለም።

የእኛም አገር ቁጥር ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2005/06 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በመነጽር የሚታረም ችግር ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች 7.8 በመቶውን፣ ከዝቅተኛ እይታ ደግሞ 33.4 በመቶውን ይዞ ተገኝቷል። ሰሌዳ በማስነበብ ስለሚለካ ግን አጥርቶ እያየ ራሱን የሚያመው ልጅ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ለብዙ ዘመን የዓይን ሕክምናችን ከሞራና ከትራኮማ ጋር ሲታገል ነው የኖረው፤ ልክም ነበር። የኦፕቶሜትሪ ዲግሪ በጎንደር ከተጀመረ ገና ሁለት አስርት ዓመታት ገደማ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ያለ ጠብታ በኮምፒውተር ማሽን ብቻ የተለካ ወጣት፣ ጡንቻዋ ስለጨበጠች፣ ማሽኑ ተቃራኒውን ማይነስ ሊያነብለት ይችላል። ማይነስ 1 መነጽር ተገዝቶላት ራስ ምታቷ የባሰባት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አይቻለሁ። ወደ ዓይን ሐኪም ልኬያት በጠብታ ስትለካ ፕላስ 2.50 ሆነች።

እሷም ትክክለኛውን መነጽር ባገኘች በሦስተኛው ቀን እናቷ «ዶክተር፣ ይሄኛውማ ጭራሽ ሰሌዳውን አደበዘዘባት» ብለው ደወሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ዓመታት የጨበጠች ጡንቻ በአንድ ቀን አትለቅም፤ ሩቁ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይደበዝዛል። ለዚህ ነው ሐኪሙ አንዳንዴ ከሙሉ ቁጥሩ ቀንሶ የሚጀምረው። ብዙ መነጽር መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው በዚህች ሳምንት ነው። መነጽሩ ዓይን አያሰንፍም፤ የዓይን ኳሱንም አይቀይርም። እግሩን ከፍሬኑ ላይ ያነሳለታል እንጂ።

ራስ ምታት ሁሉ የዓይን አይደለም። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ጠዋት ጠዋት ከማስመለስ ጋር የሚመጣ ወይም እጅና እግር የሚያደክም ከሆነ መነጽር ሳትጠብቁ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። ልጃችሁ የሚጥል በሽታ ካለበት ጠብታው ሳይደረግለት በፊት ንገሩ።

ጠብታው ከተደረገ በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ ቅርቡ ይደበዝዛል፣ የሀዋሳ ፀሐይም ያስቸግራል፤ ኮፍያ ያዙለት፣ ብቻውንም አትልኩት። የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከሆነ ደግሞ ምርመራውን ለፈተናው ሳምንት አታቆዩት። ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ውሰዱት፤ መነጽሩን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ቁጥሩ ሲጻፍላችሁም «በጠብታ ነው የተለካው?» ብላችሁ ጠይቁ።