የአፍንጫ ምስክርነት

ከመተማ እስከ አብደራፊ የሚዘረጋው የምዕራብ ጎንደር ቆላ የዕጣንና የሰሊጥ ምድር ነው። በበጋ ወራት የዕጣኑ ዛፍ ልጥ በስለት ይላጣል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ሙጫ በዐየር ደርቆ ይለቀምና በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየቡናውም ረከቦት አጠገብ ይጤሳል። በክረምት ደግሞ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሰሊጥ ለማረም፣ ቆይቶም ለማጨድ፣ በአብደራፊ ዙሪያ ይሰፍራል። በ2012 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኮሮና ቫይረስ ወደዚህ የመዓዛ ምድር ሲደርስ፣ ከልዩ ምልክቶቹ አንዱ የማሽተት ችሎታን መንጠቁ ነበር። የዚህ ምልክት ታሪክ ዘግይቶ የተደመጠ ምስክር ታሪክ ነው።

በሀገራችን በሽታና ሽታ ሲያያዙ ኖረዋል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ፣ በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ እንደ ፈጀ ይነገራል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ አካባቢ የሚታጠንበት ልማድ ከዚያ መዓት ጋር ተያይዞ ይታወሳል። ከልማዱ በስተኋላ ያለው፣ በሽታ በክፉ ጠረን ይመጣል፣ በጢስም ይባረራል የሚለው እምነት ነው። በዚህ አስተሳሰብ አፍንጫ የበሽታ በር ነው፤ የበሽታ ምስክር ሊሆን መቻሉ ግን ብዙም አልታሰበም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ተገለጸ፤ በዚያው ቀን ሱዳንም የራሷን አስታወቀች። መጋቢት 14 ቀን የየብስ ድንበር እንዲዘጋ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሆኖም ከገላባት ወደ መተማ የሚመለሰው ወገን በዚህ አልቀረም። በመግቢያው ከተያዙት መመርመሪያዎች ቀዳሚው የሰውነት ሙቀት መለኪያ ነበር። መሣሪያው የተሠራለትን ሥራ ይሠራል፤ ትኩሳትን ይለካል። ነገር ግን በቆላው ምድር ትኩሳት ብዙ ባለቤቶች አሉት። ወባ ትኩሳት አለው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውና በግራር ሥር የሚያድረውን ሠራተኛ የሚያጠቃው ካላዛርም ለሳምንታት የሚዘልቅ ትኩሳት አለው። በአንጻሩ ኮሮና ይዟቸው ትኩሳት ያልታየባቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። ስለዚህ መለኪያው የወባውን ሕመምተኛ አስቁሞ የኮሮናውን ሊያሳልፍ ይችል ነበር።

ይህን ክፍተት በከፊልም ቢሆን ሊሞላ የሚችለው አፍንጫ ነበር፤ ሽታ በድንገት መጥፋቱ የወባም የካላዛርም የተለመደ ምልክት አይደለምና። በዚያው መጋቢት የብሪታንያ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች፣ ሌላ ምልክት ሳይኖራቸው ሽታ የጠፋባቸው ሰዎች በሽታው ሊኖርባቸው እንደሚችል አሳሰቡ። የሀገራቸው መንግሥት ግን ምልክቱን በይፋ የተቀበለው ግንቦት 10 ቀን ነበር። በመካከሉ ሁለት ወር ያህል አለፈ።

ምክንያቱ በኋላ ተብራራ። ቫይረሱ ወደ ሴል ለመግባት የሚይዘው ተቀባይ አካል በብዛት የሚገኘው በማሽተቻ ነርቮች ላይ ሳይሆን በዙሪያቸው ሆነው በሚደግፏቸው ሴሎች ላይ ነው። ደጋፊው ሲጎዳ ነርቩ ሥራውን ያቆማል፤ ደጋፊው ሲታደስ በብዙዎች ዘንድ ሽታ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ጣዕም ጠፋ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ የመጣ ነው። ምላስ ጣፋጩን፣ ጎምዛዛውን፣ ጨዋማውንና መራራውን ብትለይም፣ የወጡን ቅመም ከቅመም የሚያስለየው ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ የሚወጣው መዓዛ ነው።

በአንዳንዶች ላይ ችግሩ ለወራት፣ ለጥቂቶችም ለዓመታት ቆይቷል። ሲመለስም ተዛብቶ፣ ቡናው እንደ ተቃጠለ ነገር የሸተታቸው አሉ። ጉዳቱም ደስታን ማጣት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ጢስ፣ የተበላሸ ምግብ ወይም የፈሰሰ ቤንዚን አያስጠነቅቀውም። ለዚህ የሚመከረው ልምምድ በጀርመን ሀገር በድሬስደን ከተማ የተጀመረና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ በየቀኑ ጧትና ማታ ለሦስት ወራት ያህል እየተሸተቱ አፍንጫ እንደገና ይለማመዳል። ሁሉን አይፈውስም፤ ነገር ግን ዕቃዎቹ ለኢትዮጵያ ቤት እንግዳ አይደሉም።

እርግጥ ነው፣ በሽታው የያዘው ሁሉ ሽታ አላጣም፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በተዛመተው ኦሚክሮን በተባለው ዝርያ ምልክቱ ይበልጥ ቀንሷል። የሚያሸት ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ጸንቶ ይኖራል። መሣሪያ የሚመረጠው የሚለካውን ነገር ብቻ ሳይሆን የሚለካበትን ምድር በማወቅ ነው። ትኩሳት ሁሉን በሚመስልበት ቆላ፣ «ቡናው ይሸትዎታል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከመለኪያው ጎን መቆም ነበረበት። ጥያቄው ወጪ አይጠይቅም፤ ዕጣን በሚለቀምበት ሀገርም መፈተኛው ከደጅ አይርቅም።