ከፍ ከፍ ማድረግ

ቃላትም እንደ ሰው የትውልድ ታሪክ አላቸው። ታሪካቸውን የመረመረ ሰው ከዕውቀት ጋራ ምክርም ያገኛል።

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ኤክስቶል» የሚባል ግስ አለ። ትርጉሙ አንድን ሰው ወይም አንድን በጎ ነገር እጅግ አድርጎ ማመስገን ነው። ይኸውም በመጻሕፍት፥ በጸሎትና በክብር ንግግር የሚገኝ ቃል ነው እንጂ የዕለት ጨዋታ ቃል አይደለም። ተማሪ የቤት ሥራውን ስለ ሠራ በዚህ ቃል ቢመሰገን ልብሱ ከልኩ በላይ ይሆንበታል።

ምንጩ ሮማይስጥ ነው። ሮማውያን «ኤክስቶሌሬ» ሲሉ ወደ ላይ ማንሣት ማለታቸው ነበር። «ፕሬይዝ» የተባለው ሌላው የእንግሊዝኛ የምስጋና ቃል ግን ዋጋ ከሚል የሮማይስጥ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ በአንደኛው አመስጋኙ ዋጋ ይናገራል፤ በሁለተኛው ግን ጎንበስ ብሎ ያነሣል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1611 ዓ.ም. በንጉሥ ጄምስ ዘመን የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ግስ ለእግዚአብሔር ምስጋና አዋለው። በእንግሊዝኛው ቁጥር 30ኛ፥ በግእዙ 29ኛ በሆነው መዝሙር መግቢያ ላይ ይገኛል። በዚያው ስፍራ ግእዙ «አልዐለ» የሚለውን ግስ ይዟል፤ «ልዑል» የምንለውም የዚሁ ቃል ወገን ነው። ዕብራይስጡም፥ ግእዙም፥ እንግሊዝኛውም ምስጋናን ከከፍታ ጋራ አስተባብረውታል።

በትንቢተ ዳንኤል በ4ኛው ምዕራፍ ደግሞ የናቡከደነፆር ታሪክ አለ። በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ሲመላለስ ባቢሎንን በኃይሌ ሠራኋት ብሎ ራሱን ከፍ አደረገ። ወዲያው ከሰው ተለይቶ እንደ በሬ ሣር በላ። አእምሮው በተመለሰለት ጊዜ ግን የሰማይን ንጉሥ አከበረ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም «ፕሬይዝ»ንና «ኤክስቶል»ን ጎን ለጎን ያኖረው በዚህ ስፍራ ነው። ራሱን ሊያነሣ የሞከረው ወደቀ፤ ሌላውን ሲያነሣ ግን ወደ ዙፋኑ ተመለሰ።

በዘመናችን ቃሉ ወደ ገበያም ወርዷል። የሸቀጡን ጥቅም አብዝቶ ለሚያወራ ሰው ሲነገር ጥቂት ፌዝ ይቀላቀልበታል። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ውዳሴ ከንቱ ይሉታል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር ጨምረህ ያዝ። መታገሥ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ቶለሬት»ም ከዚሁ ከማንሣትና ከመሸከም ሥር የበቀለ ነው። የሚያነሣ ሰው ክብደቱን ይሸከማል። ሸንጋይ ግን ምንም አይሸከምም፤ ባለሥልጣኑ በወንበሩ ሳለ ያመሰግነዋል፥ በተሻረ ማግሥት ይረሳዋል። ስለዚህ ሰውን ልታመሰግን በተነሣህ ጊዜ፥ «ከዚህ ሰው የማገኘው ጥቅም ባይኖር ይህን እናገር ነበርን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። እናገር ነበር ካልህ ሳትፈራ ተናገር፤ ሰውየው ተሽሮ በሚታማበት ሸንጎም ቢሆን ያንኑ ድገም።