ወገርትና የስሙ ባለቤቶች

ወገርት በደጋው አገራችን ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፥ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ብዙ ዓመት የሚኖር ባለ አበባ ተክል ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ከካርኔሽን አበባ ወገን ይቆጥሩታል። ሕዝባችን ግን የሚያውቀው በአበባው ሳይሆን በሥሩ ነው። ሥሩ ደርቆ በገበያ ይሸጣል፤ ገዢውም ትንኝ ለማባረር፥ አንዳንዱም ቡዳን ለመከላከል በቤቱ ያጨሰዋል።

ይህ ተክል ወደ ሳይንስ መጻሕፍት የገባበት መንገድ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1837 ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ወደ ትግራይ መጣ። ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን ግዛት ሰጡት፤ እርሱም በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ በአገራችን ኖረ። ዕፀዋት እየለቀመና እያደረቀ ወደ አውሮፓ ሲልክ፥ በኤስሊንገን ከተማ ሐኪሙ ሽቶይደልና ጓደኛው ሆክሽቴተር እየሰየሙ ያከፋፍሉለት ነበር። በ1839 ደግሞ ሌፌብቭር የተባለው ፈረንሳዊ ፔቲንና ካርተን ዲሎንን አስከትሎ ገባ። ከእነዚህ ከሁለቱ ዕፅ ለቃሚዎች አንደኛው በንዳድ ሞተ፤ ሁለተኛውን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደረሰ። በዚያም ኢትዮጵያን ያላየው አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ድረስ የአገራችንን ዕፀዋት በላቲን ቋንቋ በሁለት ጥራዝ አሳተመ።

ወገርት በዚህ መጽሐፍ ሲሌኔ ማክሮሶሌን ተብሏል። ማክሮሶሌን በግሪክኛ ረጅም ቧንቧ ማለት ሲሆን፥ የአበባውን ረጅም አቃፊ ያመለክታል። ዛሬም ከዚህ ስም ቀጥሎ የሽቶይደልና የሪሻር ስም ይጻፋል። የሥሩን ጥቅም ለይተው ያቆዩልን እናቶችና አዋቂዎች ግን በዚያ መስመር ላይ ቦታ የላቸውም።

ይህን ስንል የእነዚያን ሰዎች ድካም ለማሳነስ አይደለም። የደረቀ ናሙና በወረቀት ላይ ተለጥፎ ባይቀመጥ ኖሮ፥ በአንዱ አውራጃ ወገርት የሚባለው በሌላው በሌላ ስም ከሚጠራው ጋር አንድ መሆኑን በምን እናረጋግጥ ነበር? ይሁን እንጂ ናሙናው ቅርጹን እንጂ ጥቅሙን አይናገርም፤ ጥቅሙን የሚያውቀው በአፍ ያለው ትምህርት ነው።

ሁለቱም ዛሬ በአደጋ ላይ ናቸው። ከወገርት የሚፈለገው ሥሩ በመሆኑ ሥሩ በተሸጠ ቁጥር ተክሉ ይነቀላል። አዋቂ ሽማግሌም ሳይጠየቅ ሲሞት እንዲሁ ከነሥሩ ይነቀላል። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንመለስ፥ ተክሉን ከነስሙ፥ ስሙንም ከነገረን ሰው ስም ጋር መዝግበን ብንመጣ፥ ሪሻር የጀመረውን መጽሐፍ የጎደለውን ገጽ እንጨምርለታለን።