ምን ጠፋብህ?

በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ እናቴን ልጠይቅ ሉማሜ ሄጄ ነበር። ሉማሜን የማያውቃት አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚገሰግስ መንገደኛ በአውቶቡስ መስኮት የሚያያት የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት አልፏት ሲሄድ ነው። እኔ የማውቃት በእግሬ ነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ሐኪም የደሜን ውጤት አይቶ፣ “ስኳርህ ከፍ ብሏል፤ በየቀኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በእግርህ ሂድ” ብሎኝ ነበር። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ሉማሜ በገባሁ ማግስት በጠዋት ተነሥቼ ቱታዬን ለበስኩ፣ ስኒከሬን አጠለቅሁ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ከከተማዋ ዳር ወደሚወጣው የእግር መንገድ ገባሁ። ጤፉ ገና ማቆጥቆጡ ነው፤ ዋልካው ጫማ ይነክሳል፤ ገሳ የደረቡ ሰዎች ለአረም ይወጣሉ። ጥቂት እንደሄድኩ አንዲት አሮጊት ከደጃቸው ቆመው አዩኝ።

“እንዴት አደሩ እናቴ?”

“እግዜር ይመስገን። ምን ጠፋብህ ልጄ?”

“ኧረ ምንም አልጠፋብኝም።”

“ታዲያ የት ልትደርስ ነው?”

“የትም። እዚያ ዛፍ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።”

ዛፉን አዩት። ጫማዬን አዩት። እንደገና ዛፉን አዩት።

“ዛፉ ጋ ምን አለ?”

“ምንም የለም።”

“በል እግዜር ይማርህ” አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሴትዮዋ የጠየቁኝ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ የዘመናት ታሪክ ያለው ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ሰው በእግሩ የሚሄደው ምክንያት ሲኖረው ነው። ገበያ አለ፣ ቀብር አለ፣ ንግሥ አለ፣ ሙግት አለ፣ የጠፋ በሬ አለ። ያለ ምክንያት የሚሄድ ሰው ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ ራሱ ጠፍቷል። ቋንቋችን እንኳ ይመሰክራል። “እግር ጥሎኝ መጣሁ” ስንል ይቅርታ የምንጠይቅ ይመስላል። “እግረ መንገዴን” ስንል ደግሞ ዋናው ጉዳያችን ሌላ መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን። “ዝም ብዬ እየሄድኩ ነው” የሚል ሰው ግን ማን ያምነዋል?

ምክንያት ከተገኘ ደግሞ ወደኋላ የምንል ሕዝብ አልነበርንም። የቆሎ ተማሪውን አስቡት። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ በዱላው እየመከተ ከዲማ ጊዮርጊስ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ለቅኔ ይዞራል። ቅኔውን ሲጨርስ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ይቀጥላል። የዛሬ ተማሪ ትምህርት ክፍል እንደሚቀይረው እርሱ አገር ይቀይር ነበር፤ ያውም በእግሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ በዛብህም ሰብለ ወንጌልም ወደ አዲስ አበባ የወጡት የዓባይን በረሃ በእግር ተሻግረው ነው። ያ በረሃ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል መውጣት አለ። በ1888 ዓ.ም. መስከረም ላይ የክተት አዋጅ ሲታወጅም እንዲሁ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ተነሡ፤ የካቲት 23 ዓድዋ ላይ ከተዋጋው ሠራዊት ብዙው እዚያ የደረሰው በእግሩ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጠመንጃውና ስለ መድፉ ብዙ ጽፈዋል። ስለ እግሩ የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ የሚሄደው ሁሉ እኩል አልነበረም። ታላቅ ሰው በበቅሎ ይቀመጣል፤ አሽከሩ ጠመንጃ ተሸክሞ ከበቅሎዋ ጎን ይሮጣል። ስልክ ሳይኖር ደብዳቤ የሚያደርሰውም በእግሩ የሚገሰግስ መልእክተኛ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ረጅም ርቀት ሯጮቻችን እነዚህ ናቸው፤ ሜዳልያ ያልተሰጣቸው፣ ስማቸው ያልተጻፈ። ስለዚህ በእግር መሄድ ሥራ ብቻ ሳይሆን የማዕረግ ምልክትም ሆነ። መቀመጥ ክብር ነው፤ መሄድ ማነስ ነው። በቅሎዋ ሄዳ መኪና ሲመጣም ትርጉሙ አልተለወጠም።

በሌላውም ዓለም ታሪኩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግሊዞች በዓለም የመጀመሪያውን የተራራ ወጪዎች ማኅበር ለንደን ላይ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ያን ጊዜ ባቡሩ አገራቸውን አዳርሶ ነበር። ሰው ተራራን ለደስታ መውጣት የጀመረው ለግዴታ መውጣቱ ሲቀርለት መሆኑ ነው። የባላገር እግር በቀን የሚጨርሰውን መንገድ ከተሜው “ሽርሽር” ብሎ ስም ያወጣለታል።

እንደ እኛ ባለው አገር ግን የእግር መንገድ ሽርሽር ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ የሆነበት ቦታ አለ። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ ውሰዱ። በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ፋሲል ጊዜ ዓባይ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ተሰበረ፤ ስሙም ሰባራ ሆኖ ቀረ። የሁለቱ አገር ሰው ግን ገበያውንም ዘመዱንም መተው አልቻለም። ወዲህና ወዲያ ማዶ ሆነው ገመድ እየወረወሩ፣ መንገደኛውን ወገቡ ላይ አስረው፣ ከገደሉ በላይ አንጠልጥለው እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። ይህ ለአሥርተ ዓመታት ኖረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጣውን ፎቶ አንድ አሜሪካዊ አይቶ ልቡ ተነካ፤ ለድልድይ ሥራ የሚሆን ድርጅት አቋቋመ። ድልድዩ በ2002 ተጠገነ፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ፎቶው አይደለም። በገመድ የተንጠለጠለው ሰው ያን ዕለት ይሄድ የነበረው ምናልባት ጨው ሊገዛ ነው፤ ይኸው ነው የሚገርመኝ።

አሁን ወደ ሩጫው ልምጣ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው መቼ እንደሆነ ብትጠየቁ፣ “እ.ኤ.አ. በመስከረም 1960” ትሉ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ! እዚህ አገር ልጆች ችቦ አብርተው ክረምቱን ሲሸኙ፣ እዚያ ሮም ወታደሮች ችቦ በያዙበት መንገድ አበበ ይሮጥ ነበር። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ላይ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩን። ብስክሌቱን ግን ረሳነው፤ እግሩን ያዝነው። ለምን ቢሉ፣ ብስክሌት ይገዛል፤ እግር ግን ሁሉም ቤት አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ግራ እጁ ለምን እንደሚታጠፍ የማያውቅ አለ? ትምህርት ቤት ሲመላለስ ደብተሩን ይይዝበት የነበረ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ሳይንሳዊ ጥናትም ታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ከሌላው ሰው ይልቅ በልጅነታቸው ርቆ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር፣ ያውም ብዙዎቹ እየሮጡ መሆኑን አሳይቷል። ከእኛው ጎጃም፣ ከሰከላ የወጣችው ውዴ አያሌውም በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በርሊን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አምጥታለች። ዓለም ያጨበጨበልን ድህነት ያስተማረንን ነገር ስናሳየው ነው።

እኔም የዚያው ትምህርት ቤት ተመራቂ ነኝ፤ ሜዳልያ የለኝም እንጂ። ከተወለድኩበት ቀበሌ እስከ ሉማሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ሉማሜ ቤት ተከራይተን የምንማር የገጠር ልጆች ዓርብ ከክፍል እንደወጣን ወደየቤታችን እንገሰግሳለን፤ እሑድ ደግሞ የሳምንቱን ስንቅ፣ እንጀራውን በአገልግል፣ በሶና ሽሮውን በከረጢት ተሸክመን እንመለሳለን። ዝናብ ከሆነ ኮንጎ ጫማችንን አውልቀን በእጃችን እንይዛለን፤ ጫማ በጭቃ ሲያልቅ አባት ይቆጣል፣ እግር ሲቆሽሽ ግን ይታጠባል። ብስክሌት የነዳሁት በሰዓት ተከራይቼ ነው፤ ያውም ከስንቄ ገንዘብ ቆርጬ፣ ሳምንቱን በሶ እየበጠበጥኩ። ያን ጊዜ ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ። “ሥራ ከያዝኩ በእግሬ አልሄድም።”

ቃሌን ጠበቅሁ። አዲስ አበባ ገብቼ ደመወዝ ከቆረጥኩ ጀምሮ ለሁለት ፌርማታ ግማሽ ሰዓት ተሰልፌ ታክሲ እጠብቃለሁ። ፎቅ በሊፍት እወጣለሁ። ቢሮ እቀመጣለሁ፣ ቤት እቀመጣለሁ፣ ካፌ እቀመጣለሁ። ተቀምጦ የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ይባል የለ? ተቀምጬ የሰቀልኩት ስኳር ሆነ። እስቲ ሒሳቡን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ያ የስንቅ መንገዴ ደርሶ መልሱ 300 ደቂቃ ነበር። እጥፉን በነጻ፣ ያውም ተሸክሜ፣ እያማረርኩ እሠራው ነበር።

ብቻዬንም አይደለሁም መሰል። በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ሮጠ፤ ከጊዜ በኋላ ቁጥሩ ከ40 ሺህ በላይ ሆነ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ “ጉዞ ዓድዋ” ብለው ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የአያቶቻቸውን መንገድ በእግራቸው የተጓዙ ወጣቶች አየን። እኔ ሉማሜ ከመሄዴ በፊት በዚያው በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ተብሎ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና እየተከለከለ ሰው በአስፋልቱ ላይ ሲራመድ፣ ብስክሌት ሲነዳ፣ ገመድ ሲዘል ውሏል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ እኛም በእግራችን መሄድን እንደገና እየተማርን ነው።

ግን አንባቢዬ፣ “የድሮው ይሻል ነበር” ልል አይደለም። የስንቅ መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶ የቀረ ጓደኛ ነበረን። እኛ ወንዶቹ ጭቃውን ስንፈራ፣ ሴቶቹ እህቶቻችን ከጭቃው ሌላ የሚፈሩት ነገር ነበራቸው፤ ስንቶቹ በዚያ ምክንያት ትምህርታቸውን እንደተዉ እናውቃለን። እኔ የጠላሁት መሄዱን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የጠላሁት ምርጫ ማጣቱን ነው። ሁለቱን ሳልለይ አንድ ላይ ጣልኳቸው፤ ምርጫውን ሳገኝ እግሬን አጣሁ። የአገር ዕድገት ማለትም ለእኔ ይህ ነው። ለልጅቱ ቅርብ ትምህርት ቤት፣ ለሞጣ ሰው ጠንካራ ድልድይ፣ ለከተሜው ደግሞ ሳይፈራ የሚራመድበት መንገድ።

ይህን የምጽፈው ደግሞ መንገዱ ራሱ ሌላ ፍርሃት ባየበት ጊዜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙ መንገደኛ ከቤቱ ቀርቷል። እኔም ወደ ሉማሜ እንደልቤ አልሄድኩም። ያን የስንቅ መንገድ፣ ስንት ጊዜ የረገምኩትን፣ ልጆች አገልግል ተሸክመው እየተጨቃጨቁ ሲሄዱበት ባይ ዛሬ ደስታዬ ነው። ሰው ወዳሻው፣ ባሻው ሰዓት በእግሩ መሄዱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሲጠፋ ነው ትልቅነቱ የሚታወቀው።

ያን የነሐሴ ጠዋት ዛፉ ድረስ ሄጄ ስመለስ ሴትዮዋ ደጃቸው ላይ እየጠበቁኝ ነበር። አጠገባቸው አንዲት ከረጢት ተቀምጣለች።

“መጣህ?”

“መጣሁ እናቴ።”

“ነገም ወደዚያው ነህ?”

“አዎ፣ ነገም።”

“እንግዲያስ የትም ካልሆነ የምትሄደው፣ ይቺን እህል ወፍጮ ቤት አድርስልኝ። ወገቤን ያመኛል።”

ከረጢቷን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወፍጮ ቤት አደረስኩ። እስክትፈጭ ጠብቄ ዱቄቱን መለስኩላቸው። በማግስቱ ቱታዬን ለብሼ ስወጣ ደጃቸው ላይ ነበሩ፤ ምን እንደጠፋብኝ ግን አልጠየቁኝም።