የሠፈር ልጅ በአዲስ አበባ፤ ከአጥር ግቢ እስከ ጋራ ሕንፃ

የአዲስ አበባ ታሪክ በብዛት የተጻፈው ከቤተ መንግሥት፥ ከአብያተ ክርስቲያናት፥ ከአውራ መንገዶችና ከአዋጆች ተነሥቶ ነው። ሕዝቡ ግን የኖረው በየሠፈሩ ነው። ሠፈሩንም ጠንቅቆ የሚያውቀው ሽማግሌው ወይም የዕድሩ ዳኛ ብቻ አይደለም፤ ልጅም ነው። ትልቅ ሰው የሚያንኳኳው ጉዳይ ያለውን ደጅ ብቻ ሲሆን፥ ልጅ ግን ወደ ሁሉም ደጅ ይላካል። የማን ውሻ እንደሚናከስ፥ ማን ጨው እንደማይነፍግ፥ በየትኛው ቤት ሲመሽ ጠብ እንደሚነሣ ያውቃል። ስለዚህ በሠፈር ያደጉ ሰዎች የልጅነት ትዝታ የናፍቆት ወሬ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ምስክርነትም ነው። ይህ ጽሑፍ ጉርብትና ልጅን እንዴት ያሳድግ እንደ ነበር፥ ልጅም በበኩሉ ጉርብትናን እንዴት ያቆም እንደ ነበር ይመረምራል።

«ሠፈር» የሚለው ቃል ራሱ የሠራዊትን ማረፊያ ያስታውሳል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ መኳንንቱ በተሰጣቸው ጉብታ ላይ በመጀመሪያ ድንኳናቸውን፥ ኋላም እልፍኛቸውን ተከሉ፤ ወታደሩና አሽከሩ፥ ባለሙያውም በዙሪያቸው ሠፈረ። ራስ መኰንንና ደጃች ውቤ ስማቸውን ለየሠፈራቸው ሰጥተዋል፤ ሠራተኛ ሠፈር ደግሞ በነዋሪዎቹ ሙያ ተጠራ። ከዚህ አሰፋፈር የተገኘው ዋናው ነገር የጌታው አዳራሽና የሎሌው ጎጆ ጐን ለጐን መኖራቸው ነው። ከዚህም የተነሣ በአንድ መስክ ላይ የጨርቅ ኳስ የሚራገጡት ልጆች፥ አባቶቻቸው በአንድ ገበታ የማይቀርቡ ሆነው ይገኙ ነበር።

ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ ባለርስቱ በግቢው ውስጥ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ክፍሎች በተርታ እያሠራ ያከራይ ጀመር። በእንደዚህ ያለው ግቢ በሩ አንድ፥ መጸዳጃው አንድ፥ ልብስ የሚሰጣበትም ገመድ አንድ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፥ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ተላለፉ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ይህ አዋጅ በባለቤትነት ላይ ያደረገው ለውጥ ብዙ ተጽፎበታል፤ በጉርብትና ላይ ያደረገው ግን እምብዛም አልታሰበበትም። ኪራዩ ትንሽ፥ ሌላ ቤትም የማይገኝ በመሆኑ ተከራዩ ከገባበት ቤት ሳይወጣ ሠላሳና አርባ ዓመት ኖረ። አንድ ልጅ ሲወለድ ያያቸው ጐረቤቶች ሲዳርም አብረውት ነበሩ። በሌላ በኩል ቤቶቹ ጥገና አጥተው አረጁ፤ ልጆች ወልደው በወላጆቻቸው ክፍል ላይ ቆጥ እየሠሩ ተጣበው ኖሩ። ስለዚህ የረጅም ጊዜ ጉርብትና የፍቅር ፍሬ ብቻ አልነበረም፤ የችግርም ፍሬ ነበር።

በዚህ ግቢ ውስጥ ልጅ የመጀመሪያው መልእክተኛ ነው። ክብሪት ሲያልቅ በገል ፍም ጭሮ ያመጣል፤ ወንፊት ያዋሳል፥ ሰፌድ ያስመልሳል፤ ቡና ሲፈላም ከቤት ወደ ቤት እየዞረ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ይላል። ይህን ሲያደርግ ሳያውቀው የጉርብትናን ሕግ ይማራል፤ ይኸውም ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ፥ የማን መቅረት እንደሚያስቀይም፥ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ነው። የሥራው ክፍፍል ግን እኩል አልነበረም። ወንዱ መልእክቱን አድርሶ ወደ ብዩና ወደ ኳሱ ሲመለስ፥ ሴቷ ልጅ ከቦኖ ውሃ ትቀዳለች፥ ሕፃን ታዝላለች፥ እንጀራ መጋገርም በጊዜ ትማራለች። ስለ አንድ ግቢ ወንድምና እኅት የሚያወሩት ትዝታ ብዙ ጊዜ የማይመሳሰለው ስለዚህ ነው።

ልጁ ጐረቤትን የሚጠራበት ስምም ልብ ሊባል ይገባዋል። ጐልማሳይቱ «እትዬ»፥ ጐልማሳው «ጋሼ»፥ በዕድሜ የገፉት «እማማ» እና «አባባ» ናቸው። እነዚህ የአክብሮት ስሞች ብቻ አይደሉም፤ ሥልጣንንና ግዴታን ያስከትላሉ። «እትዬ» የተባለችው ሴት ልጁ ሲያጠፋ ትቈጣዋለች፥ ትቀጣዋለችም፤ እናቱ በሌለችበት ግን ታበላዋለች። ጐረቤት የቀጣው ልጅ ለወላጁ ቢከስስ ቅጣቱ ይደገምበት ነበር። በዚህ ሥርዓት ብዙ ልጆች ከአደጋና ከረኃብ ተጠብቀዋል፤ አለአግባብ የተመቱም አቤት የሚሉበት አጥተዋል። እንደዚሁም በሁሉ ዐይን ሥር ማደግ ድኽነትን የሚሸሽጉበት መጋረጃ አያስቀርም። በርበሬ ለመበደር ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አንድ ደጅ የተላከ ልጅ የተሰማውን ሐፍረት ከሸመገለም በኋላ አይረሳውም።

ትምህርት ቤትም ከሠፈሩ ውጭ የቆመ ሌላ ዓለም አልነበረም። አስቀድሞ በየደብሩ አጠገብ በነበረው የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ፊደል ይቈጥሩ፥ መልእክተ ዮሐንስና ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ የሠፈሩ ሰው ነበሩ። ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በኋላ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ ቀጥሎም ሌሎች ሲበዙ፥ የሠፈር ልጅ ከሠፈር ልጅ ጋር ተያይዞ መሄድ ጀመረ፤ ታላቁ ታናሹን መንገድ ያሻግራል፥ ያለፈበትንም መጽሐፍ ያወርሰዋል። የተማሪው ብዛት ከክፍሉ በላይ ሲሆን ትምህርቱ በፈረቃ ተደረገ፤ ጠዋት የሚማረውና ከሰዓት በኋላ የሚማረው ልጅ በአንድ ደብተር ቦርሳ የሚጠቀሙባቸው ቤቶችም ነበሩ።

በትምህርት ቤትና በጐረቤት መካከል የነበረውን ግንኙነት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው «ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ያጠፋ ተማሪ አባቱን ስለሚፈራ «ጋሼ» የሚለውን ጐረቤት ለምኖ ይዞ ይሄዳል። ሰውዬው በመምህሩ ፊት እንደ አባት ሆኖ ልጁን ይገሥጻል፤ ከደጅ ሲወጡም እንደ ወዳጅ ምክር ይለግሰዋል። ነገሩ ማታለል መሆኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን በሠፈሩ ልማድ ሲመዘን ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ማንበብ የማይችል ወላጅም የልጁን የውጤት ካርድ ለጐረቤት ያስነብብ ነበር። ውለታውም ይመለስ ነበር፤ ፊደል የለየ ልጅ ለግቢው ሰው ሁሉ ደብዳቤ አንባቢና ጸሓፊ ይሆናል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲታወጅና በየቀበሌው ጣቢያ ሲቋቋም፥ ትናንት «እትዬ» እያለ የሚላካቸውን ሴቶች ፊደል ያስቈጠረ ወጣት ጥቂት አይደለም።

ይህ ሁሉ ሥርዓት በዓመት ሁለት ጊዜ በግልጽ ይታይ ነበር። ለቡሄ ወንዶቹ ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ፥ ለዘመን መለወጫ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፥ የተከፈተውና የተዘጋው በር የሠፈሩን ወሰን ያመለክት ነበር። ልጆቹ የተሰጣቸውን ሙልሙልና ሳንቲም ሲካፈሉ፥ ስለ እያንዳንዱ ቤት ለጋስነት ወይም ንፍገት ፍርድ ይሰጣሉ።

የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣና በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ የሙከራው ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ግን በጀሞ፥ በሰሚት፥ በየካ አባዶ፥ በኮዬ ፈጬና በሌሎችም ስፍራዎች አዲስ ዓይነት ጉርብትና ተፈጠረ። ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ስለሆነ ጐረቤትን ጐረቤት ያደረገው ጌታም ሙያም ዘመድም አይደለም፤ ዕጣ ነው። ውሃው፥ ኩሽናውና መጸዳጃው ወደ ቤት ገባ። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ከሁሉ በፊትም የሴት ልጅን ጀርባ አሳርፏል። ነገር ግን ልጅን ወደ ሰው ደጅ ይልኩ የነበሩት ምክንያቶች አብረው ቀሩ። ባለዕጣው ቤቱን ሲያከራይ ተከራዩ በየጊዜው ይለወጣል፤ ልጅም የለመደውን ባልንጀራ በድንገት ያጣል። «እትዬ» በማለት ፈንታ «የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ» ማለት ተለመደ። በብዙ ስፍራ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ስለ ቀደመ፥ ልጆች ማለዳ በመኪና ወደ ቀድሞው ሠፈራቸው ትምህርት ቤት ይመለሱ ነበር፤ ወላጆችም ቀብርን በማሰብ በቀድሞው ዕድራቸው ጸንተው ቆዩ። እንዲህ ሲሆን ሰው የሚያድርበት አንድ ስፍራ፥ የሚማርበትና የሚቀበርበት ሌላ ስፍራ ሆነ።

ሆኖም ጉርብትና ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይቻልም። እናቶች ብዙ ጊዜ የተዋወቁት ልጆቻቸው በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ሲጫወቱ ወይም ሲጣሉ ነው። ቀስ በቀስም በየሕንፃው ዕድር ተቋቋመ፤ ሆያ ሆዬም ደረጃ መውጣት ተማረ። በአጥር ግቢው ጉርብትና ልጅን አሳደገ፤ በጋራ ሕንፃው ደግሞ ልጅ ጉርብትናን እንደ አዲስ ይጀምራል። በሁለቱም ዘመን ጉርብትናን የሚፈጥረው የቤቱ አሠራር ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በጋራ የሚፈልጉት ነገርና ስለዚያ ነገር ከደጅ ደጅ የሚመላለስ እግር ነው።

ጉዳዩ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የልደታ፥ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ሲፈርሱ፥ ነዋሪዎቹ ወደተለያየ ስፍራ ተበተኑ። የግቢዎቹ ካርታ በመዝገብ ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ ፍም የተጫረበት ምድጃ፥ ቡና የተጠራበት ተራ፥ በትምህርት ቤት ፊት ወላጅ ሆኖ የቆመው ጐረቤት ግን በመዝገብ አይገኙም። እነዚህን የሚያውቁት በዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩት ናቸው። ስለ ከተማይቱ የሚመረምር ተማሪም «ኑሮው እንዴት ነበር?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፥ «ማንን እትዬ ትል ነበር? በማንስ ደጅ ማለፍ ትፈራ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የፈረሰውን ሠፈር በር በበር ሊያቆመው ይችላል።