የዱላው ቅጥራን

ጠጋ በሉና የአንድ ዱላ ነገር ላውጋችሁ። ቀኑ እሑድ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 24 ቀን 1983። ቦታው ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም፤ ጨዋታው ቤዝቦል። ባለሜዳዎቹ ያንኪስ ካንሳስ ሲቲ ሮያልስን 4 ለ 3 እየመሩ ነው። የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ዙር ላይ ተደርሷል። ከሮያልስ በኩል ሁለት መቺ ወጥቷል፤ አንድ ከተደገመ ጨዋታው አለቀ። ጆርጅ ብሬት ዱላውን ይዞ ገባ። ጉስ ጎሴጅ ወረወረ፣ ብሬት መታት፤ ኳሷ አጥሩን አልፋ ተመልካቹ መሐል ወደቀች። አንደኛ ቤዝ ላይ የነበረው ጓደኛው ዞሮ ገባ፣ እሱም ተከትሎ ገባ። 5 ለ 4!

ደስታው ሳይበርድ የያንኪስ አሠልጣኝ ቢሊ ማርቲን ወደ ዋናው ዳኛ፣ ወደ ቲም ማክሌላንድ መጣ፤ ዱላው ይታይልኝ አለ። መቺዎች ዱላው ከእጃቸው እንዳያመልጥ የጥድ ቅጥራን ይቀቡታል፤ ደንቡ ግን ቅጥራኑ ከእጀታው ጫፍ 18 ኢንች እንዳያልፍ ያዛል። ዳኛው ሜትር አልያዘም። መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ነጭ ሰሌዳ ወርዱ 17 ኢንች ነው፤ ዱላውን እሱ ላይ አጋደመው። ቅጥራኑ አልፎ ሄዷል። ቀና ብሎ ብሬትን በዓይኑ ፈለገ፣ በዱላው ጠቆመው፤ ወጥተሃል! ጨዋታው 4 ለ 3 አለቀ ተባለ። ብሬት ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ሲመጣ ሌላው ዳኛ አንገቱን ይዞ ባያስቀረው ኖሮ እንጃ።

እኔ ማክሌላንድን አላማውም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። የአሜሪካን ሊግ ፕሬዚዳንት ሊ ማክፌል ግን የሮያልስን አቤቱታ ተቀብሎ ፍርዱን ሻረው። ቅጥራን ኳስ አያርቅም፤ ዱላው አስቀድሞ ከሜዳ መውጣት ነበረበት እንጂ የተገኘው ነጥብ አይሰረዝም አለ። ልክ ነበር።

ኦገስት 18 ጨዋታው ካቆመበት ቀጠለ። ቢሊ ማርቲን ዛሬም አልተኛም፤ እነ ብሬት ቤዞቹን ሁሉ ረግጠው አልዞሩም ብሎ ተነሣ። የዕለቱ ዳኞች ጁላይ 24 ቀን ሜዳው ላይ አልነበሩም፤ በምን ይመስክሩ? ዳኛው ዴቭ ፊሊፕስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና አንድ ወረቀት አወጣ። የቀደሙት ዳኞች ሁለቱም ሯጮች ቤዞቹን ሁሉ መርገጣቸውን በፊርማቸው ያረጋገጡበት የቃለ መሐላ ጽሑፍ ነበር። ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት መልሱን አዘጋጅቶ የሚመጣ ዳኛ፣ ለእኔ ዳኛ ማለት እሱ ነው።

ሮያልስ 5 ለ 4 አሸነፉ። ያ ዱላ ዛሬ ኩፐርስታውን፣ የቤዝቦል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።